የረዳቱ ወንበር

ሰኞ፣ ዝናቡ ባቆመ ማግስት

ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንዴት ሰነበትክ? ሚስትህስ፣ መንትዮቹስ? ሁላችሁንም በአንድ ላይ ስሜያችኋለሁ፤ ለየብቻ ልሳማችሁ ብል ወረቀቱ አይበቃኝም።

በፖስትካርዱ ጀርባ ለጠየቅከኝ መልሱ አዎ ነው። ዘንድሮም እንወዳደራለን። አባዬ ተመዝግቧል፣ እኔም በረዳትነት ከጎኑ ተጽፌያለሁ። እንደምታውቀው በዚህ ውድድር አሮጌ መኪኖች ልክ እንደ ወጣትነታቸው መሄድ አለባቸው ተብሏልና፣ ከሹፌሩ ጎን ነዳጁን በእጅ ፓምፕ የሚገፋ ሰው ካልተቀመጠ መኪናዋ አትነሳም። የውድድሩ ማኅበር ጸሐፊ ፈገግ ብሎ "ረዳትዎ ያው እሷ ናት አይደል?" አለው። አባዬም "ታዲያ ማን ሊሆን ነው?" አለ። በቃ፣ አለቀ። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ እኮ! ሰው ወንበር እንኳ ሲገዛ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ነው።

ደብዳቤ የምጽፍልህ በስልክ የማይነገር ነገር ስላለኝ ነው። የጋራዡ ስልክ አባዬ ራስጌ ነው ያለው። አንተ ስትደውል እሱ እኔን አስወጥቶ በሩን ይዘጋል። እኔ ሳወራ ግን ለእኔ የሚዘጋልኝ በር የለም።

ነገሩ ይኸውልህ፦ አባዬ አያይም።

ጻፍኩት፣ እጄም አልተቆረጠም። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊቱ ትልቅ ነገር ከቆመ መቆሙን ያውቃል፤ እኔን በኮቴዬ ይለየኛል። ከዚያ ውጭ የለም። "እንዴት ይነዳል ታዲያ?" ትለኛለህ። እኔና አንተ ሳንወለድ ጀምሮ እነዚያኑ መንገዶች ዞሯቸዋል፤ የተረሳውን ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ። አንድ እጄ ፓምፑ ላይ ነው፣ አንዱ የእሱ ጉልበት ላይ። አንዴ መታ ካደረግኩ ግራ፣ ሁለቴ ከሆነ ቀኝ፣ መዳፌን ከተጫንኩ ፍሬን። የጀመርነው እሱ "የሞተሩ ጩኸት አላሰማ አለኝ፣ በእጅሽ ንገሪኝ" ብሎኝ ነው። እኔ ሞኟ ጩኸቱ ነው ብዬ አመንኩ። ካወቅኩ በኋላም ቃል አልተነፈስኩም፣ እሱም አልተነፈሰም። ቤታችን ውስጥ ዓይን የሚባል ነገር ከነስሙ ጠፍቷል። አንድ ነገር ሲያደናቅፈው "ይሄ አምፖል ደክሟል" ይላል፣ እኔም "አዎ፣ እንቀይረዋለን" እላለሁ። በጠራራ ፀሐይ!

ባለፈው ዓመት ጠርዝ ላይ የተደረደረውን የጭድ እስር ገጭተን አንድ ፎቶ አንሺ ዘሎ ነው የተረፈው። ጫማው መንገዱ ላይ ቀረ። ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ውድድሩ ሲያልቅ ጫማውን ፈልጌ የመለስኩለት እኔ ነኝ።

ሌላም ወሬ አለኝ። የሰፋሁትን የመኪና ወንበር ያየ የአውቶቡስ ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ፣ ከአንተም ከእኛም ራቅ ባለው ከተማ የወንበር ስፌት ክፍላቸውን እንድመራላቸው ጠይቆኛል። ከውድድሩ ማግስት ባለው ሳምንት መጀመር አለብኝ። እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። ከዚያ ወንበር መውረድ እፈልጋለሁ፣ ሰው ሳንገድል። ግን አባዬን ውድድሩን ቀምቼው ምን ይቀረዋል? ፊቱን ሳይ አንደበቴ ይታሰራል። አንተ ትልቁ ነህ፣ አንተን ይሰማሃል። እባክህ ጠይቅልኝ። መተው ይፈልግ እንደሆነ፣ ብቻችሁን ስትሆኑ ጠይቅልኝ።

እህትህ


እሑድ፣ ልጆቹ ሲተኙ

አንቺ ምላሳም፣ እህትዓለም፣

ሰላምታሽ ደርሶናል፤ ስለ መሳሙ ግን መንትዮቹ ለየብቻ ይሁንልን ብለዋል። ወረቀት ካነሰሽ እልክልሻለሁ።

ስለ ሥራዬ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፣ ሊፍት ጠጋኝ ሆኖ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ የለም። ዛሬ አንዲት ሴትዮ ከነውሻዋ ሁለት ፎቅ መሃል ተዘግቶባት ነበር። በሩን ፈልቅቄ ሳወጣት ያመሰገነኝ ውሻው ነው። እሷማ "እስካሁን የት ነበርክ?" ብላ ጮኸችብኝ። ይኸው የእኔ ሙያ፣ ሰው ከሳጥን አውጥቶ መሰደብ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ደብዳቤሽን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። አባዬ እንዲህ መሆኑን ከየት ልወቅ? በስልክ ድምፁ ያው ድምፁ ነው። በማግስቱ ደወልኩለት። ውድድሩን ሳነሳበት ድምፁ ተለወጠ፤ ሌላ ሰው ሆነ። እህቴ ሙች እውነቴን ነው። ይህን ነገር ከእጁ ብትነጥቂው ከአልጋ አይነሳም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያቆመው ምን ይመስልሻል? እኔና አንቺ? ተይ እንጂ! አሮጊቷ መኪና ናት ያቆመችው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ዘንድሮን ታገሺ ነው። አንድ ውድድር ነው። ቀስ በሉ፣ መጨረሻ ብትወጡ ማን ምን ይላችኋል? ሥራውን በተመለከተ ጥሩ ሥራ ከሆነ ይጠብቅሻል፣ ካልጠበቀሽ ጥሩ ሥራ አልነበረም።

እኔ ልምጣ እንዳልል አዲሱ ሕንፃ ሊመረቅ ነው፣ አራት ሊፍት በእኔ ትከሻ ላይ ነው። አማቴም አሁንም እኛው ዘንድ ናት፣ እግሯ አልተሻላትም። የቤቱን ነገር ሆድ ይፍጀው።

ጎበዝ እህቴ ነሽ። ከአንቺ ሌላ ይህን የሚችል የለም።

ወንድምሽ


ረቡዕ ጠዋት፣ ከስፌት ማሽኔ አጠገብ

ወንድምዓለም፣

"ጎበዝ እህቴ ነሽ" የሚለውን ስታመጣ መጨረሻው አያምረኝም። ልጅ ሆነን ዛፍ ላይ አስወጥተኸኝ መሰላሉን ይዘህ የሄድክ ጊዜም ጎበዝ ብለኸኝ ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ ላይ አዲስ ኩርባ አለብን፣ አባዬ በስልክ ነግሮህ ይሆናል። ፖስታ ቤቱ ጋ ያለው መንገድ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶበት ተቆፍሯል። ስለዚህ ውድድሩ ዘንድሮ በማቅለሚያ ፋብሪካው ግንብና በትምህርት ቤቱ አጥር መሃል ወርዶ፣ ፋርማሲው ሳይደርስ እጥፍ ይላል። ጠባብ ነው። ደግሞ ቁልቁለት ነው። አባዬ በዚያ በኩል ነድቶ አያውቅም፤ እሱ በሚያይበት ጊዜ መንገዱ እንኳ አልነበረም።

ምን እንደምናደርግ ልንገርህ? ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይበዛ እጅ ለእጅ ተያይዘን በእግር እንሄደዋለን። እሱ ግንቡን በጣቶቹ እየዳሰሰ ይወርዳል፤ የማቅለሚያው ሽታ የት እንደሚያልቅ፣ አስፋልቱ የት ጋ እንደሚሻክር በቃሉ ይይዛል። ማታ ራት ከተበላ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮና ሳህን በመንገዱ ቅርጽ እደረድርለታለሁ፣ በጣቱ ይዞረዋል። ሰው ሲያየን ምን ቢል ጥሩ ነው? ፋርማሲስቷ መስኮቷን ከፍታ "ልጅ ማለት እንዲህ ነው! አባቷን በየጠዋቱ ታንሸራሽራለች" አለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለውድድሩ የሚጠየቀውን የሐኪም ወረቀትም አገኘ፤ እንዴት አገኘ አትለኝም? ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የፊደል ሰሌዳ ያው የድሮው ነው፣ አባዬ ደግሞ ዓይኑ ደህና በነበረ ጊዜ በቃሉ ወጥቶታል። ነርሷ ገና መጠቆሚያ ዱላዋን ሳታነሳ ጀመረልህ! ከላይ እስከ ታች አንበለበለው። አልበቃ ብሎት ከሥር በደቃቅ የተጻፈውን የማተሚያ ቤቱን ስም ጨመረላት። ነርሷ እጇን በአፏ ጫነች። "እኔ ራሴ ይህን አላየሁትም ነበር፣ የንስር ዓይን ነው ያለዎት" ብላ ፈረመችለት። ስንወጣ ደረጃውን ስቶ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። 

ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ያን ዕለት ነርሷ እንድትይዘው ነበር የጸለይኩት። ሌላ ሰው "አይሆንም" እንዲለው፣ እኔ እንዳልሆን።

አሁን "ድምፁ ተለወጠ" የምትለውን ተወኝ። ሰው ሲያዝንም ድምፁ ይለወጣል። መተው ትፈልጋለህ ወይ ብለህ ጠይቀኸዋል ወይስ አልጠየቅከውም? ያለህን ቃል በቃል ጻፍልኝ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ እንደገና ሰው ልኮብኛል። "እየመጣሁ ነው" ብዬዋለሁ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

እህትህ


ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት

እህትዓለም፣

መሰላሉን እኔ አልወሰድኩትም፣ ጎረቤት ነው የወሰደው። እስከ ዛሬ ይዘሽብኛል ማለት ነው?

የማተሚያ ቤቱን ስም ሳነብ ሊፍት ሞተር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የሕንፃው ጠባቂ አበድክ ወይ ብሎኛል። እሱ ነው አባዬ! እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ ሬዲዮ ስማ ልትዪው የምትፈልጊው።

ቃል በቃል ጻፍልኝ ብለሻል። ጠይቄዋለሁ። "አባዬ፣ አሁንስ ብትተወው?" አልኩት። እሱም "ሞቴን እመሪው ላይ ያድርገው" አለኝ። ይኸው ቃሉ። ከዚህ በላይ እኔ ምን ልጨምር?

ነገሩን ከእሱ ጋር ደግመሽ እንዳታነሺው። እንደነገርኩሽ ካወቀ ቅር ይለዋል፣ ኩሩ ሰው ነው። እኔን አምኖ ነው የተናገረው።

ሚስቴ ሰላም ብላሻለች። ሹራቡን ለልጆቹ ስለላክሽ አመስግንልኝ ብላኛለች፣ ክንዱ ብቻ ትንሽ ረዝሟል።

ወንድምሽ


ቅዳሜ፣ ከልምምድ ስንመለስ

ወንድምዓለም፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ዛሬ ልምምድ ነበር። አባዬ በስልክ ጉልበቷን ተጎዳች ቢልህ አትስማው፣ የተላጠው ክርኔ ብቻ ነው።  አዲሱ ኩርባ ላይ ፓምፑ ያዝ አደረገኝና እጄ ዘገየ። እፍኝ የማትሞላ ጊዜ ናት። እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ ከፓምፑ ጋር እታገላለሁ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ከነችካሉ ኮፈናችን ላይ ወደቀ። ሰው አልነበረም። ተመስገን፣ ሰው አልነበረም። ግን ከአጥሩ ጀርባ ምን እንደነበረ ታውቃለህ? አግዳሚ ወንበሮች። ለውድድሩ ቀን ለተማሪዎቹ የደረደሯቸው። "ልጆቹ ከዚህ ጥሩ አድርገው ያያሉ" አለኝ ዘበኛው፣ ችካሉን እያነሳ።

 ስፌት ላይ ተቀምጬ ያንኑ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

ለማኅበሩ ልናገር ብዬ ሄጄ ነበር። በራቸው ድረስ ደረስኩ። ውስጥ የአባዬ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ወጣት ሆኖ፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ። ጸሐፊው "ግቢ እንጂ" አለኝ። "አይ፣ ሳልፍ ነው" ብዬ ተመለስኩ። የራሴን አባት አሳልፌ ልሰጥ? ካልሰጠሁትስ የሰው ልጅ ላስገድል? ከሁለት አንዱን ምረጪ በለኝ እስኪ።

ከቤት እንኳ መውጫ የለኝም። ውድድሩ በደጃችን ስለሚያልፍ መንገዱን ሁሉ በብረት አጥረውታል፣ በራችን የሚከፈተው እብረቱ ላይ ነው። ዳቦ ለመግዛት ቀሚሴን ሰብስቤ እሻገራለሁ፤ የሠፈሩ ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያዞሩልኛል። አባዬ አልጋው ላይ ተቀምጦ መኪኖቹ ሲያልፉ በድምፃቸው ይቆጥራቸዋል።  ሾርባውን ሰጠሁት፣ "ደክሞሻል?" አለኝ። "ኧረ ምን ደክሞኝ!" አልኩት። "ደስ ብሎሻል?" አለኝ። "በጣም" አልኩት። ምን ልበለው?

ና። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። በሚቀጥለው አውቶቡስ ና፣ አንተ ያዘውና እኔ ልናገር፣ ወይም አንተ ተናገርና እኔ ልያዘው። ብቻዬን አልችልም። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ።

እህትህ


ማክሰኞ

እህትዓለም፣

አልቻልኩም። ምረቃው የእናንተው ውድድር ዕለት ሆነ፣ ከቀረሁ ሥራዬን አጣለሁ። አይዞሽ፣ ምንም አትሆኑም።

ለማኅበሩ ግን እንዳትናገሪ። በሕዝብ ፊት አዋርደሽው እንዴት አብረሽው ራት ትበያለሽ? ኩርባው ጋ ስትደርሱ መዳፍሽን ቀደም አድርገሽ ጫኚ፣ በዝግታ እለፉ። አለቀ፣ ደቀቀ።

ከውድድሩ በኋላ እመጣለሁ። በልጆቼ እምላለሁ።

ወንድምሽ


ሰኞ፣ የመንገዱን ብረት ሲያነሱ

ወንድምዓለም፣

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። አዎ፣ ሁለታችንም በሕይወት አለን። አይ፣ ማንንም አልጎዳንም። አይ፣ አላሸነፍንም። አልጨረስንምም።

ጋዜጣው "አንጋፋው ሹፌር በሞተር ብልሽት አቋረጡ" ብሎ ጽፏል። ሞተሩ ምንም አልሆነም። የሆነውን ልንገርህ፣ ተቀመጥና አንብበው።

ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ነበርን። ከኩርባው በፊት፣ እንዳልከኝ፣ መዳፌን ቀደም አድርጌ ጉልበቱ ላይ ጫንኩ። ፍሬን ያዘ። እጄን አነሳሁ፣ እሱ ግን እግሩን አላነሳም። መኪናዋን ወደ ማቅለሚያው ግንብ አስጠጋትና፣ በግራ እጁ ግንቡን ነካ አድርጎ፣ ሞተሩን አጠፋው። ሌሎቹ በጎናችን እየጮሁ ያልፋሉ። "አባዬ ምን ሆንክ? አመመህ?" ብዬ ጮህኩ። መነጽሩን አወለቀ።

"ደከመኝ ልጄ" አለኝ። "ከእንግዲህ ይብቃኝ። እንዳትቀየሚኝ።"

"እኔ? ለምን ብዬ?"

"አንቺ ከዚህ ሌላ ደስታ የለሽም። አውቃለሁ። አንቺን ላለማሳዘን ስል ነው እስከ ዛሬ የመጣሁት። ዛሬ ግን እነዚያ ልጆች ሲንጫጩ ሰማኋቸውና አልቻልኩም። ዓይኔ እንደማያይ ታውቂያለሽ አይደል?"

ራሱ "ዓይኔ" አለ። እዚያ፣ ነዳጅ በሚሸት ወንበር ላይ፣ መኪና በጆሯችን ሥር እያለፈ። "አውቃለሁ አባዬ" አልኩት። ከዚያ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ እኔንጃ፣ አንገቱን አቅፌ ጮህኩ። "እኔ እኮ ፈርቼ ልሞት ነው! በየዓመቱ ፈርቼ ልሞት ነው! አንተ እንዳታዝን ብዬ ነው!"

እሱ ግራ ገባው። "እንዴ! ወንድምሽ አልነገረሽም እንዴ?" አለኝ።

አንተ ምኑን ልትነግረኝ ነበር? ይኸውልህ፣ ራሱ ዘርዝሮ ነገረኝ። ካቻምና ደውለህ ዓይኑ መድከሙን እንደነገረህ፤ መተው እንደሚፈልግ፣ እኔ ይከፋኝ እንደሆነ ቀስ ብለህ እንድትጠይቅለት እንደለመነህ። አንተም ጠየቅኳት ብለህ እንደመለስክለት። "አባዬ፣ ስለ ውድድሩ ሳነሳባት ድምፅዋ ተለወጠ። ይህን ከቀማሃት ልቧ ይሰበራል" ብለኸዋል። አምና ደግሞ ጠየቀህ፤ ደገምክለት። ዘንድሮ ጠየቀህ፤ ደገምክለት። "ሞቴን እመሪው ላይ" ያልከኝን ስነግረው "እኔ? ሰው ሞቱን አልጋው ላይ አይመኝም?" አለኝ።

የእሱን ልመና ከእኔ ደብቀህ፣ የእኔን ልመና ከእሱ ደብቀህ፣ መሃል ቁጭ ብለህ ሁለታችንን አንድ መኪና ውስጥ ዘጋህብን።

ውድድሩ እስኪያልቅ መንገዱን መሻገር ክልክል ነው። ስለዚህ እዚያው ግንቡ ሥር ተቀምጠን ቆየን። ባንዲራ ያዡ መጥቶ "ደህና ናችሁ?" አለን፣ አባዬ "እንደዛሬ ደህና ሆነን አናውቅም" አለው። ስለ እናታችን አወራን። ስለ ሥራዬ ነገርኩት። "ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?" ብሎ ተቆጣኝ! ስለ አንተም አወራን። ክፉ አልተናገረብህም። "ለምን ይመስልሻል?" ብቻ አለኝ፣ ደጋግሞ። 

እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ። ለምን?

እህትህ


ሐሙስ፣ ከሥራ ቀርቼ

እህትዓለም፣

ምን ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

አትርገሚኝ። ክፉ አስቤ አይደለም። እሱ ውድድሩን ሲተው አንቺ ትሄጃለሽ፤ አንቺ ከሄድሽ እሱ ወዴት ይመጣል? እኔ ዘንድ። የት ላስቀምጠው? አንድ ክፍል ነው ያለን፣ አምስተኛ ፎቅ። አማቴ ከመጋረጃ ጀርባ ናት፣ መንትዮቹ መሬት ላይ ነው የሚተኙት፣ እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ። ትልቅ ቤት አለው ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔው ነኝ ያስመሰልኩት። ሊፍት ጠጋኙ የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም፣ ሳቂ እንግዲህ።

ደግሞ ለልጆቹ አያታችሁ ዛሬም ይወዳደራል ብያቸዋለሁ። ፎቶው ግድግዳችን ላይ ነው። ልጆቹ በፎቶ የሚያውቁት ሰው ደረጃ እየዳሰሰ ሲወጣብኝ ታየኝ። መጀመሪያ አንድ ዓመት ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ አንድ ዓመት። ውሸት ሲለመድ አያስታውቅም።

በጣም ይቅርታ፣ ከልቤ። እግራችሁ ላይ ብወድቅ ደስ ይለኛል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፣ የመጨረሻዬ ነው። ሥራውን ትንሽ ብታቆዪውስ? እስከ በጋው ብቻ። እስከዚያ የተሻለ ቤት እፈልጋለሁ። ውድድር የለ፣ ምን የለ፣ ዝም ብላችሁ መቀመጥ ነው። ይህን ደብዳቤ ለእሱ እንዳታነቢለት አደራ።

መምጣቱን በተመለከተ፣ እመጣለሁ ያልኩት እንዳለ ነው፤ ቀኑን ግን አሁን ልቆርጥልሽ አልችልም።

ወንድምሽ


ማክሰኞ፣ ከአዲሱ ክፍሌ

ወንድምዓለም፣

አነበብኩለት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ "እንዳታነቢለት" የሚለውንም ጭምር። ከእንግዲህ በእኔና በእሱ መሃል የሚደበቅ ወረቀት የለም።

የአማትህ መጋረጃ ጋ ስደርስ ሳቀ። "ወጥ ቤቱ በር ላይ" ስል መሳቁን ተወ። እኔም ልተወው ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ። "ጨርሺው" አለኝ። ጨረስኩለት። "ይሄ ልጅ እኔን የፈራው ቤቱ ስለጠበበ ነው?" አለኝ። ከዚያ ተነሳ። "ሻንጣዬን አውርጂልኝ" አለኝ።

አባዬ ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እናንተ ዘንድ ይደርሳል። ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት፤ ካልደረሰህ እሱ ራሱ ይደርስልሃል፣ አድራሻህ ኪሱ ውስጥ ነው። ዛሬ ማለዳ መናኸሪያ ወስጄው ለሹፌሩ አደራ ብዬዋለሁ። ሹፌሩ ማን እንደሆነ ሲያውቅ ከአጠገቡ አስቀመጠው፤ አባዬም ገና ሳይነሱ "ሁለተኛ ማርሽህ ያቃስታል" አለው። ከመናኸሪያው ስወጣ አለቀስኩ። የጸጸት አይደለም። ምን ያህል እንደምወደው ያወቅኩት ገና አሁን፣ መጠበቁን ስተው ነው። እዚህ ስደርስ ሥራ አስኪያጁ ማሽኖቹን አሳየኝ፣ መስኮት ያለው ክፍል ሰጠኝ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች ነካ ያደርጋታል ሳይሉኝ አልቀሩም።

የምነግርህን ልብ አድርግ። ሲወርድ እጁን ይዘህ አትጎትተው፤ ክንድህን ስጠው፣ እሱ ይይዝሃል። ደረጃው ላይ አታጣድፈው። ቤት ስትገቡ አንዴ ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር አስይዘው፣ ከዚያ በኋላ ዕቃ አታንቀሳቅሱበት። ሻይ ስትሰጠው ብርጭቆው የት እንዳለ ንገረው። ለልጆቹ እውነቱን እሱ ራሱ ይነግራቸዋል፣ እንዲያውም የፊደል ሰሌዳዋን ነገር ሊያጫውታቸው ቸኩሏል። መሬት ላይ ቢተኛም ግድ የለውም፤ ዕድሜውን ሁሉ መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው ነው።

አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ አልዋሽህም። ወንድሜ መሆንህም አልቀረም። አንድ ቀን እመጣና ስቄም ተሳድቤም ይወጣልኛል። እስከዚያ ግን ለእኔ ደብዳቤ አትጻፍልኝ፤ ለምን ብዬ የጠየቅኩህን ትቼዋለሁ። እሱ ግን አልተወውም። ይህንኑ ሊጠይቅህ ነው ሁለት ሌሊት ሙሉ በአውቶቡስ የሚመጣው። ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ ለእሱ መልስለት።

እህትህ